ቁርጥ ለእኛ፣ ቅቅል ለመቻል

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሱሉልታ ወደሚገኝ አንድ ሥጋ ቤት ገብቼ ሁለት ኪሎ ጮማ የሌለው ቀይ ሥጋ እንዲቆርጥልኝ ስጠይቅ፣ ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን እየሳለ "ለጥሬ ነው ለወጥ?" አለኝ። "ለጥሬ" አልሁት። ደስ ብሎት ከሽንጡ የተሻለውን ሊያወርድልኝ ሲዘረጋ "ለውሻዬ ነው" ብዬ ጨመርሁ። እጁን ከሽንጡ ላይ አንሥቶ ወደ ፍርምባው ጠርዝ መለሰና፣ ከጀርባዬ ቁርጣቸውን በአዋዜ እያጣቀሱ ለሚበሉት ደንበኞቹ "የእሳቸው ውሻ ጥሬ ነው የሚበላው" ብሎ አወራላቸው። በዚያች ቤት ውስጥ በዚያ ሰዓት ጥሬ ሥጋ የማይበላ ሰው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ሆኖም ሁሉም ዞሮ በግርምት የተመለከተው እኔን ነው። በአገራችን ሰው ቁርጡን ይበላል፣ ውሻ ደግሞ ዕድል ከቀናው የተቀቀለ ሳንባ ይደርሰዋል፤ ይህን ሥርዓት ማገላበጥ እንደ ቅብጠት ይቆጠራል።

መቻል አምስት ዓመቱ ነው፤ ምግቡን ስለውጥለት 28 ኪሎ ይመዝን ነበር። አባቱ ጀርመን ሼፐርድ ነው ይባላል፣ እናቱ ግን የሰፈር ውሻ ናት። ስሙን ያወጡለት ቡችላውን የሰጡን ጎረቤታችን እማማ ናቸው፤ እንደ ድሮ ሰው በውሻ ስም ለጎረቤት መልእክት ማስተላለፍ ይወዳሉ። መልእክቱ ለማን እንደ ነበር እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ የመቻል ምግብ እንደ ሌላው የከተማው ዳርቻ ውሻ ነበር። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከአንድ ምግብ ቤት በባልዲ የሚመጣ ቡሌ፣ በሌሎቹ ቀናት የፉርሽካ ገንፎ፣ አንዳንዴም በሾርባ የራሰ የእንጀራ ድርቆሽ ይበላ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ከጅራቱ ሥር ያለው ጠጉር መሳሳት ጀመረ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክና ሲነክስ ያድራል፤ ሆዱም አንድ ቀን ድርቀት፣ አንድ ቀን ተቅማጥ ነበር። ይዤው የሄድሁባቸው የእንስሳት ሐኪም ጠጉሩን ገለጥ አድርገው አዩና "መጀመሪያ ቁንጫውን እናጥፋ፣ ስለ ምግቡ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን" አሉኝ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ቀጥሎ የምተርከው የጠጉሩ መመለስ የጥሬ ሥጋ ተአምር ተደርጎ እንዳይወሰድ ነው። ቁንጫውም ምግቡም በአንድ ሰሞን ስለ ተለወጡ የትኛው ምን እንደ ሠራ ለይቶ መናገር የሚችል ሰው የለም፤ የጅራት ሥር ማሳከክ ግን ብዙውን ጊዜ የቁንጫ ምልክት ነው።

ስለ ቡሌው ሐኪሟ የነገሩኝ ግን ወዲያውኑ እንድተወው አደረገኝ። ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ጥሬም ሆኑ የበሰሉ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ጉዳቱ በደም ምርመራ ላይ እንዲታይ ይበቃል። ይህ ለመቻል ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ሽንኩርት ነው፤ ለአንድ ዶሮ ወጥ ከሚከተፈው በብዙ ያንሳል። በየባልዲው ስንት ሽንኩርት እንደ ነበረ ሳስብ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ውሻዬን የቀለብሁ መስሎኝ ምን ስሰጠው እንደ ኖርሁ ገባኝ።

ጥሬ የማብላቱን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሐኪሟ አላበረታቱኝም። ሐሳቡን በዓለም ላይ ካሰራጩት ሰዎች ዋነኛው አውስትራሊያዊው የእንስሳት ሐኪም ኢያን ቢሊንግኸርስት ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ ውሻ ቅድመ አያቱ ተኩላ እንደሚበላው ጥሬ ሥጋና ሥጋ ያልተለየው ጥሬ አጥንት መብላት አለበት ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ልብ ይማርካል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የዘረ መል ጥናት ከባድ ጥያቄ አንሥቶበታል። ተኩላ በእህል ውስጥ ያለውን ስታርች የሚፈጭበትን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረ መል ሁለት ቅጂ ብቻ ሲኖረው፣ በውሾች ላይ ከ4 እስከ 30 ቅጂ ተገኝቷል። ውሻ ከሰው ጋር በኖረባቸው ሺህ ዓመታት የሰውን እህል መብላት በደሙ ተምሯል ማለት ነው። እናቴ ይህን ስነግራት "ውሻ በበላበት ይጮኃል የተባለው ለዚህ ነዋ" አለችኝ። በተጨማሪ የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው አቋም፣ ጀርሙን በሚገድል ዘዴ ያልታከመ ጥሬ ሥጋ ለውሻና ለድመት እንዳይሰጥ መክሯል። ይህን ሁሉ አንብቤ ነው የጀመርሁት፤ ግትርነት አለብኝ።

ጥሬ የሚያበሉ ሰዎች የሚከተሉት ስሌት ይህን ይመስላል። ለአዋቂ ውሻ በቀን የክብደቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆን ምግብ ይመደባል፤ ለመቻል 700 ግራም ያህል ወስጃለሁ። ከዚህ ውስጥ 70 በመቶው ቀይ ሥጋ፣ 10 በመቶው ሊታኘክ የሚችል ጥሬ አጥንት፣ 5 በመቶው ጉበት፣ 5 በመቶው ኩላሊትን ወይም ጣፊያን የመሰለ ሌላ የሆድ ዕቃ፣ የቀረው አትክልት ነው። ጉበት የሚመጠነው በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ስለሆነና ይህ ቫይታሚን በሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ ስለሚጎዳ ነው። አጥንቱ የሚያስፈልገው ደግሞ ቀይ ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶት ካልሲየሙ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ነው፤ ባዶ ሥጋ ብቻ ለወራት የተሰጠው ውሻ፣ በተለይ ቡችላ፣ ካልሲየሙን ከራሱ አጥንት እየወሰደ ይኖራል። አጥንት በማይኖርበት ቀን የእንቁላል ቅርፊት አድርቄ በሙቀጫ እወቅጣለሁ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት 5 ግራም ያህል ሲሆን ወደ 1900 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይሰጣል፣ ይህም አጥንት ለሌለው አንድ ኪሎ ሥጋ ይበቃል። የቅርፊቱ ዱቄት ቅመም መስሏት ባለቤቴ አንድ ቀን ሽሮ ላይ ነስንሳዋለች፤ ማንም አልተጎዳም።

ለውጡን በ10 ቀናት አዳረስሁት። በመጀመሪያው ቀን ከገንፎው ሩቡን በሥጋ ተካሁ፣ በየሦስት ቀኑ ሥጋውን ጨመርሁ። መቻል ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሬ ሥጋ ሲቀርብለት አሽትቶ ፊቴን አየ፤ ተሳስቼ ያስቀመጥሁት መስሎት ይመስለኛል። በሦስተኛው ቀን ግን ሳህኑ መሬት ሳይነካ መብላት ጀመረ። ስሕተቱን የሠራሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው። የበግ አንገት በርካሽ አግኝቼ አጥንቱን አበዛሁበት፤ ኩሱ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ሲነኩት የሚፈረፈር፣ ለማውጣትም የሚያስጨንቀው ሆነ። አጥንቱን በግማሽ ስቀንስ በሁለት ቀን ተስተካከለ። ቅልጥምንም ሐኪሟ ከልክለውኛል፤ የበሬ እግር አጥንት በጣም ጠንካራ ስለሆነ የውሻን ጥርስ ሊሰነጥቅ ይችላል። የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ አጥንት ደግሞ ጨርሶ አይሰጥም፤ እሳት ሲነካው ደርቆ እንደ ስንጥር ይሰበርና አንጀት ይቦጫጭራል። እኛ ግን ከገበታ የተረፈ አጥንት ለውሻ መወርወር እንደ ደግነት የምንቆጥር ሰዎች ነን።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልጽፍበት የፈለግሁት ጉዳይ የመጣው በገና ነው።

ለገና ከስምንት ጎረቤቶች ጋር ሆነን በሬ ቅርጫ ገባን። መደቡ ሲደለደል ሳንባውን የሚፈልገው ሰው ስላልነበረ ሁሉም "ለመቻል ይሁን" ብለው ሰጡኝ። አንድ ሙሉ የበሬ ሳንባና ሰው የተወው ቁራጭ ጉበት ይዤ ወደ ቤት ስሄድ የሁለት ሳምንት ቀለብ በነጻ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ሳንባውን በቢላዋ ስከፍለው ግን የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ነጭና ወፍራም ሽፋን ያለው፣ ውስጡ ጥርት ያለ ውሃ የሞላ ከረጢት አገኘሁ። አራጃችን አሁንም ደጅ ስለ ነበረ ጠርቼ አሳየሁት፤ "ይሄ ምንም አይደል፣ ውሃ ቋጥሮ ነው፤ ቆርጠን ለውሻ ነው የምንጥለው" አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በየበዓሉ ሲደረግ ያየሁት ይኸው ነው። ፎቶ አንሥቼ ለሐኪሟ ብልክላቸው ወዲያው ደወሉ፤ መቻል ቀምሶት እንደ ሆነም ጠየቁኝ። አልቀመሰም ነበር።

ያ ከረጢት ኤኪኖኮከስ የሚባል የጥገኛ ትል እጭ የሚያድግበት ቤት ነው። ውሻ ከረጢቱን ጥሬውን ሲበላ በውስጡ ያሉት እጮች በትንሹ አንጀቱ ላይ ተጣብቀው ወደ ትል ይለወጣሉ። ትሉ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በኩሱ ውስጥ በዓይን አይታይም፤ ውሻውም አይታመምም፣ አይከሳም። ሰባት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ግን ከኩሱ ጋር የትሉን እንቁላል መጣል ይጀምራል፤ እንቁላሉ በሣሩ ላይ ለበግና ለከብት፣ በጠጉሩ፣ በእጃችንና ባልታጠበ ሰላጣ በኩል ደግሞ ለእኛ ይተርፋል። በሰው ውስጥ ሲገባ ወደ ጉበት ወይም ወደ ሳንባ ሄዶ ያንኑ ከረጢት ይሠራል፤ ለዓመታት ያለ ምልክት ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ብዙ ጊዜም መፍትሔው የቀዶ ሕክምና ይሆናል። የአራት ዓመት ልጄ መቻልን አንገቱን አቅፋ ነው የምታድረው ቢባል ማጋነን አይደለም።

በዚያን ቀን የገረመኝ የነገሩ አገነባብ ነው። እኛን የሚይዘን ኮሶ እጩ የሚቀመጠው ወደን በምንበላው በቀዩ የከብት ሥጋ ውስጥ ነው፤ ይህ ኮሶ በሰው አንጀት እንጂ በውሻ አንጀት አያድግም። በውሻው አንጀት አድጎ እኛን የሚያሰጋው ሌላው ትል ደግሞ ተጸይፈን በምንጥለው ሳንባና ጉበት ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ መቻል ጥሬ ቁርጥ ቢበላ ከኮሶ አንጻር ከእኔ ይልቅ የተጠበቀ ነው፤ አደጋው ያለው "የውሻ ድርሻ" ብለን በለየንለት በኩል ነው። አባቴ በሕይወት ሳሉ በየሁለት ወሩ አካባቢ የኮሶ አበባ አስወቅጠው ይጠጡ ነበር፤ ያን ቀን ከሥራ ቀርተው እየተሳደቡ ይውላሉ። መቻልም አሁን የራሱ የመጠጫ ቀን አለው፤ በየስድስት ሳምንቱ ፕራዚኳንቴል የሚባል የትል መድኃኒት በአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም ተሰልቶ ይሰጠዋል፣ ይህም በ28 ኪሎው ሲሰላ 140 ሚሊ ግራም ነው። ስድስት ሳምንት የተባለው፣ ትሉ እንቁላል መጣል ሳይጀምር እንዲወገድ ነው። እርሱ ግን በሥጋ ተጠቅልሎ ስለሚሰጠው አይሳደብም።

ሳንባውን ከግቢው ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሬ ላምባ አርከፍክፌ አቃጠልሁት፣ ከላዩም ድንጋይ ጫንሁበት፤ ሱሉልታ ውስጥ ያለ ድንጋይ የተቀበረ ሥጋ በማግሥቱ ጅብ ቆፍሮ ያወጣዋል። ለጎረቤቶቼም ነገርኋቸው። ሁለቱ ሰሙኝ፤ ሌሎቹ ስለ ሳንባ ይህን ያህል የሚያወራ ሰው አይተው ስለማያውቁ በትዕግሥት አዳመጡኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉበት፣ ሳንባና ኩላሊት በቤታችን ለመቻል ጥሬ አይሰጥም። ተቆራርጦ ውሃው ከፈላ በኋላ ከ30 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ ይቀቀላል፤ ይህ እጩን ለመግደል ይበቃል። የጥሬ ምግብ አፍቃሪዎች መቀቀል ቫይታሚን ያጠፋል ይሉኛል። እውነት ነው፣ ከፊሉን ያጠፋል፤ እኔ ግን በቫይታሚኑ እከስራለሁ።

ፍሪዘርስ አይበቃም ወይ ለሚል፣ ቅዝቃዜም እጩን ይገድላል፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለ10 ቀናት የቆየ ሥጋን እኔም እተማመንበታለሁ። ነገር ግን ይህ የሚሠራው መብራት ካልጠፋ ነው። እኛ ሰፈር መብራት ቅዳሜ ማታ ጠፍቶ ሰኞ የተመለሰበት ጊዜ አለ፤ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ሥጋ ቀልጦ እንደ ገና ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ በረዶ እንጂ ታሪኩ አይጻፍበትም። አሁን ትንሽ ብርጭቆ ውሃ አቀዝቅዤ በበረዶው ላይ አንድ ሳንቲም አስቀምጫለሁ፤ ሳንቲሙ ሰምጦ ካገኘሁት ሥጋው ቀልጦ ነበር ማለት ነውና ያ ሁሉ ወደ ድስት ይገባል። ሳልሞኔላን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ደግሞ በመቀዝቀዝ አይሞቱም፣ ያንቀላፋሉ እንጂ፤ ውሻውም ሳይታመም በኩሱ ሊያሰራጫቸው ይችላል። ስለዚህ የዶሮ ሥጋ ጥሬ መስጠቱን ተውሁ፤ ለመቻል የራሱ መክተፊያና ቢላዋ ተለየለት፤ የሚበላበት የብረት ሳህንም በፈላ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። መቻል ከበላ በኋላ ልጄ ፊቱን እንዳትስመው ደንብ ወጥቷል፤ ደንቡ ሁልጊዜ ይከበራል ብዬ አልዋሽም።

ጾሙ ሌላ ፈተና ነበር። መቻል ረቡዕና ዓርብ አያውቅም፤ በሁዳዴ ግን የክርስቲያን ሥጋ ቤት 55 ቀን ይዘጋል። በቀን 700 ግራም ሲሰላ 38 ኪሎ ተኩል ምግብ፣ አብዛኛውም ሥጋ፣ በቅበላ ሰሞን ተገዝቶ መቀመጥ ነበረበት፤ የእኛ ፍሪዘር ደግሞ ከ12 ኪሎ በላይ አይዝም። ከጎዳናው ማዶ ያለው የሙስሊም ሥጋ ቤት ችግሩን ፈታልኝ፤ መቻል ሥጋው በማን ስም እንደ ተባረከ ጠይቆ አያውቅም። ይከብድ የነበረው ጾመኛ ቤት ውስጥ ሥጋ መክተፉ ነው። እናቴ ለሁዳዴ የጾም ዕቃዋን አጣጥባ ባወጣችበት ወጥ ቤት ደም ያለበት ቢላዋ እንዳይገባ ስለ ከለከለች፣ ሥራው ወደ ልብስ ማጠቢያው ገንዳ ተዛወረ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

እናቴ ከመጀመሪያው ያልወደደችው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ጥሬ ሥጋ የለመደ ውሻ ደም ይለምዳል፣ ከዚያም የጎረቤት በግ ይበላል የሚለውን አባባል ከእናቷ ሰምታዋለች። ሥጋ ጥሬ ስለ ሆነ ውሻን እንደሚያከፋ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም፤ በግ የሚያሳድድ ውሻ የሚያሳድደው ተፈትቶና ተርቦ ስለሚዞር፣ ወይም ሩጫው ስለሚማርከው ነው። መቻል በግ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ዛሬም ጅራቱን ይቆላል። ስጋቷን ግን ሙሉ በሙሉ አልናቅሁም። አጥንት ሲሰጠው ከወትሮው ይልቅ ይሰስታል፤ አንድ ጊዜ ልጄ ስትጠጋው አጉረመረመ። አሁን የሚበላው በሩ በተዘጋ ጓሮ ብቻውን ሆኖ ነው፣ የሚበላውም ጠዋት ነው፤ ማታ የሥጋ ሽታ ወደ አጥሩ የሚጠራቸው እንግዶች በሱሉልታ ብዙ ናቸው።

ዛሬ መቻል ጥሬ በል ነው ልል አልችልም። ጠዋት ቢያንስ 10 ቀን በፍሪዘር የቆየ 350 ግራም ቀይ የበሬ ሥጋ ከቅርፊት ዱቄት ጋር፣ በሳምንት ሁለቴ ደግሞ የበግ አንገት ይበላል። ከሰዓት በኋላ የሚሰጠው ቅቅል ነው፤ ሩዝ፣ ካሮት፣ ጥቂት ጉበት ወይም ኩላሊት፣ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት። ጠጉሩ ተመልሷል፣ ሆዱ ረግቷል፣ ክብደቱ 27 ኪሎ ሆኗል። ሐኪሟ ጠዋት የሚበላውንም እንድቀቅለው አሁንም ይመክሩኛል፤ እኔም በየጊዜው አስብበታለሁ የሚል መልስ እሰጣለሁ።

የፍሪጁ በር ላይ የተለጠፈው ካሌንደር አሁን ሁለት ዓይነት ምልክት አለበት፤ በቀይ የእናቴ አጽዋማት፣ በሰማያዊ የመቻል የመድኃኒት ቀናት። ቀጣዩ ሰማያዊ ሐምሌ 24 ላይ ነው፤ ከሳምንት በኋላ፣ ነሐሴ 1፣ ፍልሰታ ይገባል። 15 ቀን በ350 ግራም ሲባዛ 5 ኪሎ ከሩብ ነው። ይህን ያህል ፍሪዘራችን ይችላል፤ እናቴም ትናንት ሳልጠይቃት የታችኛውን መሳቢያ ባዶ አድርጋ አገኘሁት።